ደጅ የቀረው ወንድም

የዓለምወርቅና ጉልላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሚኖሩትም በአንድ ግቢ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ግን አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ግቢው ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ ቁስቋም ማርያም የሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። አባታቸው ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሁለት ቤት ተዉላቸው። ፊት ለፊት ያለው ሰፊው የጭቃ ቤት ለእሷ ደረሰ፤ ከጓሮ ያለችው አንድ ክፍል ለእሱ። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ የዓለምወርቅ አናጢ ጠርታ ግቢውን በቆርቆሮ አጥር ለሁለት አስከፈለችው። ጉልላት በወንዙ በኩል ሌላ በር አወጣ። ቧንቧው በእሷ በኩል ስለቀረ እሱ ከቦኖ እየቀዳ ይጠጣል። ቆርቆሮ ድምፅ አያስቀርም፤ ሲያስል ትሰማዋለች፣ ስታስነጥስ ይሰማታል፤ «ይማርሽ» የሚል ግን የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። እናታቸው የሞተችው ጉልላት ገና አራት ዓመቱ ሳለ ነው። የዓለምወርቅ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያዘለችው፣ ያጠበችው፣ ሲታመም አቅፋው ያደረችው እሷ ናት። የአባታቸው ሥራ አንድ ቀን ተገኝቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ደብተርና እርሳስ ገዛችለት። ስምንተኛ ክፍል ሲያልፍ ሰፈሩን በእልልታ ያናወጠችው እሷ ናት። እሱም «እትዬ» ሲላት እህቴ ማለቱ ይሁን እናቴ ማለቱ አይለይም ነበር።

በኋላ መዝገቡን አገባች። መዝገቡ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። ጉልላትን እንደ ታናሽ ወንድሙ ያዘው፤ አስጠናው፣ ሸሚዙን አካፈለው፣ ከአንድ ትሪ በሉ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ሁለቱም ተያይዘው ሰልፍ ወጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። መዝገቡ ከጓደኞቹ ጋር የኅቡዕ ድርጅት ውስጥ ገባ። ጉልላት ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ቀበሌው አብዮት ጥበቃ አድርጎ ጠመንጃ አስያዘው። ቤት ውስጥ ግን ያው ቤተ ሰብ ነበሩ። በ1970 መስከረም መዝገቡ መታደን ሲጀምር፣ ኮርኒሱና ጣሪያው መካከል እንዲደበቅ የኮርኒሱን ችፑድ ሚስማር የነቀለው ጉልላት ራሱ ነው። ሁለት ወር ያህል፣ ሰው ሲበዛበት እዚያ እየወጣ፣ ጭር ሲል እየወረደ ኖረ። ይህን የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

ኅዳር 7 ቀን፣ የቁስቋም ንግሥ ማግስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሳሾች መጡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከፊት፣ አምስት ጠመንጃ ያዥ ከኋላ፤ ከአምስቱ አንዱ ጉልላት ነው። አልጋ ገለበጡ። ሽሮውን ወለል ላይ ደፉት። ቁም ሣጥኑን በሳንጃ ወጉ። የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ንግሥት የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማለች።

«ባልሽ የት ነው?»

«ገጠር ሄዷል ብያችኋለሁ።»

ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ ሊቀ መንበሩ በሩ ላይ ቆመና ወደ ጉልላት ዞረ።

«አንተስ ጓድ? አማችህ የት ነው ትላለህ?»

«አላየሁትም» አለ ጉልላት። ይህን ካለ በኋላ ግን ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ አነሣ። አንሥቶም ቶሎ አልመለሰውም። ሊቀ መንበሩም የእሱን ዓይን ተከትሎ ቀና አለ።

መዝገቡን ጠጉሩ በአቧራ እንደነጣ አወረዱት። በአጠገቧ ሲያልፍ «አይዞሽ፣ የዓለም» አላት። ከዚያ ወዲያ አላየችውም። በአራተኛው ቀን ከቀበሌ ሰው መጥቶ እርምጃ እንደተወሰደበት ነገራት፤ እንዳታለቅስ፣ ጥቁር እንዳትለብስ፣ ድንኳን እንዳትጥል አስጠነቀቃት። ሬሳውን አልሰጧትም፤ የት እንደጣሉትም አልነገሯትም። የዓለምወርቅ አላለቀሰችም። በሳምንቱ አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረችና አንሶላ ማጠብ ጀመረች።

በየዓመቱ ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ሽማግሎች ይመጡባታል። «ልጁ ደንግጦ ነው፣ ሳያስበው ዓይኑ አመለጠው፤ እያለቀሰ ነው የሚነግረን» ይሏታል።

«ሳያስበው ከሆነ ለመዝገቡ ይንገረው» ትልና በሩን ትዘጋለች።

ጉልላትም ከዚያ ወዲያ ሕይወቱ አልቀና አለው። ቀበሌውን ታምሜያለሁ ብሎ ለቀቀ። ደሳለች የምትባል ልጅ አግብቶ ነበር፤ በ1973 አንድ ወንድ ልጅ ወለደችለት፣ ሕፃኑም በአምስት ወሩ በሳል ሞተ። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ በወንዙ በኩል ዞሮ ለቅሶ ሲደርስ የዓለምወርቅ አልሄደችም። አጥሩ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ዓመት ሳይሞላ ደሳለች ወደ እናቷ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ጉልላት ብቻውን ቀረ። አንድ ጣውላ መሰንጠቂያ ውስጥ የቀን ዘበኛ ሆነ።

እሑድ እሑድና በንግሥ ቀን ቁስቋም ይወጣል። አይገባም። ከቅጥሩ ውጭ አንድ ጥድ ሥር ቆሞ ያስቀድስና፣ ሕዝቡ ከመውጣቱ በፊት ቁልቁል ይወርዳል። የዓለምወርቅ ውስጥ ሆና እሱ ውጭ መሆኑን ታውቃለች። ቢገባ ደስ አይላትም ነበር።

በ1979 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት እንዲህ ሆነ።

ሚያዝያ 9 ነው። እንጦጦን ከጧት ጀምሮ ጉም ሸፍኖት ዋለ። የዓለምወርቅ ከንግሥት ጋር ሆና እንደ ሰዉ ሁሉ ስትሰግድ ዋለች። ንግሥት አሁን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ረጅም ጣቶች ወርሳለች። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስግደቱ አብቅቶ ምእመናኑ ለመጠብጠብ ወደ ካህናቱ ተሰለፉ። ሰው የንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ይናገራል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ ያደርጉትና የሚሰግደውን ስግደት ይሰጡታል።

የእነ የዓለምወርቅ የንስሐ አባት አባ ዓምሃ ናቸው። አባቷን የቀበሩት፣ ከመዝገቡ ጋር ያጋቧት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፤ ዳገቱን ግን አሁንም በእግራቸው ይወጡታል።

«እህ፣ ልጄ?» አሏት።

«እንደ ዓምናው ነው፣ አባ።»

«እንደ ዓምናው ምንድን ነው?»

«አባታችን ሆይ ስል፣ የበደሉንን ይቅር ማለት የሚመጣበት ቦታ ስደርስ ዝም እላለሁ። እግዚአብሔር ፊት ከምዋሽ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ካለው እቀጥላለሁ።»

አባ ዓምሃ ወይራውን አነሡና መልሰው አወረዱት።

«ስግደት አልሰጥሽም» አሉ። «ጉልበትሽ ምን አጠፋ? ሕመምሽ ሌላ ቦታ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ከበሩ ውጭ አንድ ሰው አለ። እዚህ እናንተ ሰሌን ላይ ስትሰግዱ እሱ ጠጠር ላይ ሲሰግድ ዋለ። ጧት ስገባ ‹ግባ እንጂ ልጄ› አልኩት። በንስሐ የነገረኝ አይደለም፣ በር ላይ ነው፤ ስለዚህ ልንገርሽ። ‹አባ፣ እህቴ ያላስገባችኝን እግዚአብሔር እንዴት ያስገባኛል?› አለኝ።»

የዓለምወርቅ ፊቷ ጋለ። «እኔ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነኝ? ማን ከለከለው? ይግባ!»

«አንቺማ አልከለከልሽውም። ግን ልጁ እናት አያውቅም፤ ያዘለችው አንቺ ነሽ። የእግዚአብሔርን ፊት አስብ ስትዪው የማን ፊት ይመጣበታል? ያንቺው ነዋ!»

«የመዝገቡስ ደም?» ድምፅዋ ከፍ አለና ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ቀና አሉ። ዝቅ አድርጋ ደገመችው። «የመዝገቡን ደም ማን ይጠይቅ፣ አባ?»

«እግዚአብሔር አይረሳውም። እሱ ልጁ ሲገደል ያየ አባት ነው፤ ያንቺን ነገር ሳያውቀው ቀርቶ ይመስልሻል? ግን ዛሬ የተሰቀለው ለማን ነው? እስክንታጠብ፣ እስክንጠራ፣ እስክንለምነው ቢጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬም አይመጣም ነበር። ጠላቶቹ ሳለን እሱ ቀድሞ መጣ።»

«እኔ እግዚአብሔር አይደለሁም፣ አባ።»

«አይደለሽም» አሉ አባ ዓምሃ፣ ፈገግም ሳይሉ። «ለዚህ ነው ወደ እሱ ሂጂ የምልሽ፤ አድኚው አልልሽም።»

በወይራው አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አደረጓትና የሚቀጥለውን ሰው ጠሩ።

ስትወጣ ጉልላት በሩ አጠገብ ነበር። ሰዉ እስኪወጣ ሳይሄድ የቀረው የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ምናልባት ጉልበቱ ከድቶት ይሆናል። ግንባሩ ላይ አፈርና ጠጠር ተጣብቋል፤ ከቅንድቡ በላይ ተፍቆ ደም አቅርሯል። የዓለምወርቅ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና አለፈች። ንግሥት ግን ወደ ኋላ ቀረት ብላ ጎንበስ በማለት ሰላም አለችው። እናቷ አየች።

በማግስቱ ቀዳም ሥዑር ነው። የዓለምወርቅ አክፋይ ስለነበረች ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ረፋዱ ላይ የቃጭል ድምፅ ተሰማ፤ አባ ዓምሃ ከአንድ ዲያቆን ጋር፣ በመስቀሉ ሰላም መደረጉን እያዜሙ ቤት ለቤት ቄጤማ ያድላሉ። ገቡ፣ ባረኩ፣ ለእናትና ለልጅ ቄጤማውን ሰጡ፤ ሁለቱም ግንባራቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ አባ ዓምሃ ሌላ እስር መዘዙ።

«ይኼ ለጓሮው ቤት ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ በወንዙ በኩል ዞሬ መውረድ አልችልም።»

በየቀኑ ቁስቋምን የሚወጡ ሰው መሆናቸውን የማያውቅ የለም። የዓለምወርቅ መልስ ሳትሰጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ወጡ።

ቄጤማው እዚያው ዋለ። ማታ ለፋሲካ የሚታረደውን ዶሮ አሰረች፣ ሽንኩርት ላጠች፣ ቤት ጠረገች። ስምንት ሰዓት ገደማ ንግሥት መታገሥ አቃታት።

«እማዬ፣ እኔ ላድርስለት?»

«አይሆንም።»

«ለምን? እኔ እኮ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ።»

«አይቻለሁ ትናንት።»

«ትናንት ብቻ አይደለም። ሰላም ማለት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ እንገናኛለን።»

የዓለምወርቅ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አባትሽን የሸጠውን?»

«አውቃለሁ፤ ቀሚስሽን ይዤ ቆሜ አይቻለሁ። አልረሳሁትም። አባዬን አንድ ቀን ወሰዱት። አንቺን ግን በየቀኑ እየወሰዱብኝ ነው። አጥሩ ሥር ትቀመጪና እሱ ሲያስል ትሰሚያለሽ፤ እኔ ስጠራሽ አትሰሚኝም። ሁለተኛ ጊዜ ያለ ወላጅ መቅረት ሰለቸኝ፣ እማዬ።»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። የዓለምወርቅ የቀረውን ሽንኩርት ከትፋ ጨረሰች። ከዚያ ቄጤማውን አነሣችና ሳትታጠብ፣ መቀነቷን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች።

በወንዙ በኩል ያለውን መንገድ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ረግጣው አታውቅም። በሩን አንኳኳች። ጉልላት ከፈተ። ሲያያት እጁ መዝጊያው ላይ እንዳለ ደረቀ። ከሩቅ ሽማግሌ መስሎ ይታያት የነበረው ሰው ቀርባ ስታየው ያው ፊቱ ነው፤ ከከሳ ጉንጭ በላይ የልጅነት ዓይኖቹ።

«እትዬ» አለ።

«አባ ዓምሃ ልከውኝ ነው።» ቄጤማውን ዘረጋችለት።

አልተቀበላትም። ሁለት እጁን ወደ ኋላው አደረገ። «ሳልቀበልሽ በፊት የምነግርሽ አለ። ከሰማሽው በኋላ ከፈለግሽ ስጪኝ፤ ካልፈለግሽም ይዘሽው ሂጂ።»

«ምንድን ነው?»

«ሽማግሎቹ የሚነግሩሽ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የዋሸኋቸው። ደንግጬ አይደለም። አውቄ ነው።»

የዓለምወርቅ የበሩን መቃን ያዘች።

«በዚያን ቀን ጧት ሊቀ መንበሩ ጠርቶኝ ነበር። ‹ዛሬ አማችህ ካልተገኘ በእሱ ቦታ አንተ ትገባለህ› አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እዚያ ስንደርስ፣ በአፌ ብናገር አንቺ ትሰሚያለሽ፤ በዓይኔ ብናገር ግን ‹አላልኩም› ማለት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ቆሜ አሰብኩት፣ እትዬ። ከዚያ ዓይኔን አነሣሁ። መዝገቡ ከላይ ሆኖ ‹አላየሁትም› ስል ሰምቶኛል፤ እንዳዳንኩት እየመሰለው ነው የያዙት።»

ወንዙ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ይስቃሉ።

«ለምን ዋሸሃቸው?» አለች።

«ይቅር ትዪኝ ብዬ ነው። ኋላ ግን ገባኝ። በዚያ ውሸት ብትታረቂ የምትታረቂው ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ ከእኔ ጋር አይደለም። እኔ ያው ውጭ ነው የምቀረው።»

የዓለምወርቅ ቄጤማውን ደጃፉ ላይ ጣል አድርጋ ዞረች። ወንዙ ዳር እስክትደርስ አልቆመችም። ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ አለች። ያን ጊዜ፣ አታልቅሺ ከተባለችበት ቀን ጀምሮ የታፈነው ለቅሶ መጣ። «መዝገቡ! መዝገቡዬ!» እያለች ደረቷን መታች። ልብስ አጣቢዎቹ ሳቃቸውን አቁመው ተያዩ፤ አንዲቱ መጥታ ምንም ሳትጠይቅ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ትከሻዋን ይዛ ቆየችና ሲበርድላት ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የዓለምወርቅ ለራሷም ሳይታወቃት ለዓመታት አንድ ነገር ተስፋ ስታደርግ ኖራ ነበር፤ ምናልባት በእርግጥ ሳያስበው ይሆናል የሚል። ያ ዛሬ ተቆረጠ። ጥፋቱ የፈራችውን ያህል ነው፤ ምናልባትም ይበልጣል። ከእንግዲህ ይቅር የምትለው ካለ፣ ይቅር የምትለው ይህንኑ ነው።

«አንተስ እንዴት ቻልከው?» አለች፤ እግዚአብሔርን ነው። እሱ ይህን የሰማው ዛሬ አይደለም። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ፣ የጉልላት ዓይን ከተነሣባት ቅጽበት ጀምሮ ያውቃል። እያወቀ ነው አባ ዓምሃን ‹ግባ እንጂ ልጄ› ያሰኘው። በእሷ ቤት ጉልላት መጀመሪያ ንጹሕ ሆኖ መገኘት ነበረበት፤ በእግዚአብሔር ቤት ግን እንደቆሸሸ እየተጠራ ነው።

ከዚያ የራሷ ጥፋት መጣባት። የጉልላት ሕፃን የሞተ ቀን። ምስሯን እየለቀመች የደሳለችን እሪታ በአጥሩ በኩል ስትሰማ፣ ‹እሰይ› ብላለች። በአፏ አላለችም፤ በልቧ ግን ብላለች። ይህንን ለአባ ዓምሃም አልተናዘዘችም። የአምስት ወር ሕፃን። ስሙን እንኳ አታውቅም።

ያን ዕለት ወደ ጓሮው ቤት አልተመለሰችም። አቅም አልነበራትም።

ፋሲካ ነጋ። ከቅዳሴ ተመልሰው ንግሥት መሶቡን አቀረበች። የዓለምወርቅ ወጡን በሰሐን ጨለፈች፤ እንጀራውን በሌማት ላይ አደረገች። «ነጠላሽን ልበሺ» አለቻት ለልጅዋ።

«የት ልንሄድ?»

«ልንፈስክ።»

ጉልላት ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ግንባሩ ላይ ቄጤማውን አስሯል፤ ከመሬት አንሥቶ ነው፤ ጠውልጓል። ሲያያቸው ተነሥቶ ወደ ኋላ ተጠጋ። የዓለምወርቅ ሌማቱን ለንግሥት አስያዘችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ልጅህ ሲሞት ለቅሶ አልመጣሁም» አለች። «ይኼ ብቻ አይደለም። ስታለቅሱ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔም አውቄ ነው። ስሙ ማን ነበር?»

«መዝገቡ» አለ ጉልላት። «ደሳለች አይሆንም ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያወጣሁለት።»

የዓለምወርቅ በሁለት መዳፏ ፊቷን ሸፈነች። ስትገልጠው እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«የሠራኸውን አውቄዋለሁ» አለች። «ሁሉንም ሰምቼ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ጉልላት እግሯ ላይ ተደፋ። ጎንበስ ብላ በብብቱ ይዛ አነሣችው፤ እንደ ሕፃን ቀሎ ነበር።

«ተነሥ፣ ተነሥ። ዛሬ ትንሣኤ ነው፣ አይሰገድም። አንተስ እኔን አትለኝም?»

«ምን ልበልሽ?»

«እኔም በድዬህ የለ?»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እትዬ» አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ንግሥት ሌማቱን እንደያዘች ታለቅስና ትስቅ ነበር። «ወጡ በረደ!» አለች።

ሦስቱም ጠባቡ ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱ አልጋው ላይ አንዱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፈሰኩ። የዓለምወርቅ አንድ ጊዜ አጎረሰችው፤ ወጡ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

በሳምንቱ፣ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ አብረው ቁስቋም ወጡ። ዳገቱን ያለ ችግር ወጣው። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን እግሩ አልታዘዝ አለው። ሰው ግራና ቀኝ እያለፈው ይገባል፤ እሱ ቆሞ ቀረ። የዓለምወርቅ ክንዱን ሳበች። «አልችልም፣ እትዬ። አንቺ ግቢ።»

አባ ዓምሃ ያን ቀን ቀዳሽ አልነበሩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሆነው አዩዋቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተዉና፣ የግቢውን ርዝመት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው በሚችለው ፍጥነት እየተጣደፉ መጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎትታል። በሩን አልፈው ወጡ። መስቀላቸውን አላወጡም፣ ምንም አልጠየቁም፤ የጉልላትን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉ።

«ቆየህብኝ» አሉት። «ቆየህብኝ፣ ልጄ።»

እጁን ይዘው አስገቡት። የገባውን ሰው ብዙው ሕዝብ አላወቀውም፤ የሚያውቁት አንዳንዶች ፊታቸውን አዞሩ። ከእነሱ መካከል በእነዚያ ዓመታት ልጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። አባ ዓምሃ በኋላ ወደ እነሱም በየተራ ሂድ አሉት፤ ያም አንዱ ቀኖናው ሆነ። አንዳንዶቹ ተቀበሉት። አንዲት እናት ውሃ ደፋችበት። እሱም በሦስተኛው ወር ተመልሶ ወደ እሷ ሄደ።

የዓለምወርቅም ቢሆን ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀላትም። አንዳንድ ቀን ጉልላት ሲመጣ ዓይኑን ማየት ያቅታታል፤ ምሳውን በንግሥት ታስይዝና ራሷ ጓዳ ትገባለች። እሱም ይገባዋል፤ በልቶ አመስግኖ ይሄዳል። አንድ ቀን አባ ዓምሃን «ይቅር ብያለሁ አላልኩም? ለምን ይመለስብኛል?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር አንቺን ስንት ጊዜ ይቅር አለሽ? አንዴ ብቻ?» አሏት።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ጉልላት ጣሪያዋን ሊጠግንላት መጥቶ ዝናብ ያዘው። ከበረንዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ለጊዜው መነጋገርም አልተቻለ። ጋብ ሲል ጉልላት ሳያያት፣ በልጅነቱ ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቃት።

«እትዬ፣ እናታችን ምን ትመስል ነበር?»

የዓለምወርቅ ቆሎውን ከእጇ ወደ ሰሐኑ መለሰችው። «እንዴ፣ ነግሬህ አላውቅም?» አለች ተገርማ። ከዚያ ጀመረችለት፤ ቁመናዋን፣ ስትቆጣ አንድ ቅንድቧን እንዴት እንደምታነሣ፣ እሱን ስትወልድ የዘነበውን ዝናብ። እሱ ጉልበቱን አቅፎ ያዳምጣል። ዝናቡ አባርቶም እሷ አልጨረሰችም።